ከውሉ የሰፋ አንቀጽ፦ የዘር ማጥፋት ስምምነት፣ አንቀጽ 281 እና የደርግ ባለሥልጣናት ክስ

ከመገናኛ ተነሥቶ በላምበረት በኩል ወደ ካራ የሚወጣው መንገድ ኮተቤን ሰንጥቆ ያልፋል። ዛሬ ግራና ቀኙ ፎቅና ሱቅ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን አካባቢው ከተማው የሚያበቃበት፣ ሲመሽ መንገደኛ የማይበዛበት ዳርቻ ነበር። የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የደርግን ዘመን ግድያዎች በሚመረምርበት ወቅት፣ በ1986 ዓ.ም፣ ለእርዳታ የተጠሩት የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች የጅምላ መቃብር ቆፍረው አጽም ካወጡባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ኮተቤ ነው። እኔ በዚሁ ሰፈር ለማታ ተማሪዎች የወንጀል ሕግ አስተምራለሁ። ይህ የጉዳይ ጥናት የተጻፈውም በመጀመሪያ ለክፍል ውይይት ነበር፤ አንድ ተማሪ ያነሣው ጥያቄ ግን ከክፍል አልፎ እንዲሰፋ አደረገው። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች «እ.ኤ.አ» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነበር፦ «መምህር፣ የተገደሉት ከየብሔሩ ናቸው፤ ገዳዮቹም እንደዚሁ። ታዲያ ፍርድ ቤቱ ዘር ማጥፋት ያለው ምኑን ነው?» ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ ነገር ግን ተከሳሾቹ ራሳቸው በ1987 ዓ.ም በጠበቆቻቸው አማካይነት ለችሎቱ ካቀረቡት መቃወሚያ ብዙም አይለይም። መልሱ ያለው አንድ ዓለም አቀፍ ውል ወደ አገር ሕግ ሲገለበጥ በተጨመረች አንዲት ቃል ውስጥ ነው።

የውሉ ግዴታ

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የዘር ማጥፋት ወንጀልን ለመከላከልና ለመቅጣት የወጣውን ስምምነት የተቀበለው ህዳር 30 ቀን 1941 ዓ.ም ነው። ኢትዮጵያ ከሁለት ቀን በኋላ ፈረመች፤ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም ደግሞ አጸደቀችው። ስምምነቱን በማጽደቅ ከዓለም ቀዳሚዋ አገር እርሷ ናት። ውሉ በሥራ ላይ የዋለው ሃያ አገሮች ካጸደቁት በኋላ፣ ጥር 4 ቀን 1943 ዓ.ም ነበር።

ይህ ቀዳሚነት ዝም ብሎ የመጣ አይመስለኝም። ውሉ ሲጸድቅ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተፈጸመው ጭፍጨፋ ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ግድያም እንደዚሁ። የኢትዮጵያ መንግሥት ባዶልዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የአሥር ኢጣሊያውያንን ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን አቅርቦ፣ ኮሚሽኑም የቀረበበት ማስረጃ ለክስ በቂ መነሻ አለው ብሎ ተቀብሎ ነበር፤ ሆኖም ከአሥሩ አንድም ሰው ለኢትዮጵያ ተላልፎ አልተሰጠም፣ በዓለም አቀፍ ችሎትም አልቀረበም። እንዲህ የተከለከለ መንግሥት አዲሱን ውል ለማጽደቅ ቢሽቀዳደም ምን ይደንቃል? በዚያ ዘመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ይመሩ የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው። ስማቸው በዚህ ጽሑፍ ሌላ ቦታ ላይ፣ በጣም በተለየ ሁኔታ፣ ተመልሶ ይመጣል።

ውሉ በአንቀጽ 2 የሚጠብቃቸው ቡድኖች አራት ናቸው፦ ብሔራዊ፣ ጎሣዊ፣ ዘራዊ እና ሃይማኖታዊ። ጠቅላላ ጉባኤው እ.ኤ.አ በ1946 ባወጣው ውሳኔ ቁጥር 96 የፖለቲካ ቡድኖችም ከተጠቂዎቹ መካከል ተጠቅሰው ነበር። ውሉ ሲረቀቅ ግን ሶቪየት ኅብረትን ጨምሮ የበርካታ አገሮች መልእክተኞች ተቃወሙ፤ የፖለቲካ አባልነት ዛሬ ተይዞ ነገ የሚጣል ነገር ነው፣ የውስጥ ፖለቲካችንንም ለውጭ ጣልቃ ገብነት ያጋልጣል የሚል ክርክር አቅርበው እ.ኤ.አ በኅዳር 1948 ቃሉ ወጣ። ስለዚህ ፓሪስ ላይ የተፈረመው ውል ተቃዋሚዎቹን የሚፈጅ መንግሥትን በዘር ማጥፋት ስም አይደርስበትም።

ለጉዳያችን ወሳኙ ሌላው ድንጋጌ አንቀጽ 5 ነው። ውሉን የተቀበሉ አገሮች በየሕገ መንግሥታቸው መሠረት አስፈላጊውን ሕግ ሊያወጡ፣ በተለይም በአጥፊዎች ላይ ውጤት ያለው ቅጣት ሊደነግጉ ይገደዳሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውሉ ወንጀሉን ይተረጉማል እንጂ ይህን ያደረገ ይህን ያህል ዓመት ይታሰር አይልም። ቅጣት የሌለበትን ድንጋጌ ይዞ ዳኛ ሰውን ሊያስር አይችልም። ሩዋንዳ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ስምምነቱን እ.ኤ.አ በ1975 ተቀብላ ሳለ በአገር ሕጓ ቅጣቱን ሳትደነግግ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ በ1994 እልቂቱ ሲደርስ ዳኞቿ በእጃቸው ስም እንጂ ቅጣት አልነበራቸውም፤ ይህን ክፍተት የሚሞላው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ በነሐሴ 1996 ነው። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ የደርግ ባለሥልጣናት ሲከሰሱ ግን ዐቃቤ ሕጉ አዲስ ሕግ አላስፈለገውም። ሠላሳ ሰባት ዓመት የቆየ አንቀጽ ነበረው።

አንቀጽ 281

የ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቅ የጄኔቫው ፕሮፌሰር የዣን ግራቨን ሥራ ነው። ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 158 የወጣው ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም፣ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት በዓል ሲሆን፣ በሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በድል በዓል፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም ነው። አንቀጽ 281 ዘር ማጥፋትንና በስብዕና ላይ የሚፈጸም ወንጀልን በአንድ ርእስ ሥር አዋሕዶ ይደነግጋል። አንድን ብሔራዊ፣ ጎሣዊ፣ ዘራዊ፣ ሃይማኖታዊ ወይም ፖለቲካዊ ቡድን በሙሉ ወይም በከፊል ለማጥፋት በማሰብ፣ በጦርነትም ሆነ በሰላም ጊዜ፣ ግድያን ወይም ከባድ የአካልና የአእምሮ ጉዳትን፣ ወይም ዘር እንዳይተካ የሚያደርግ እርምጃን፣ ወይም ሕዝብንና ሕፃናትን በግድ ማፈናቀልን፣ መበተንንና ለሞት በሚያደርስ ኑሮ ውስጥ ማስገባትን ያደራጀ፣ ያዘዘ ወይም የፈጸመ ሰው ከ5 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ በሚደርስ ጽኑ እስራት፣ ነገሩ እጅግ የከበደ ሲሆን ደግሞ በሞት ይቀጣል።

አንቀጹ ከውሉ የሚለይባቸው ነጥቦች ብዙ ናቸው፤ እዚህ የምንፈልጋቸው ሦስት ናቸው። አንደኛው «ፖለቲካዊ» የምትለዋ ቃል ናት፤ በዚህ ረገድ አርቃቂው የያዙት ከ1941ዱ ውል ይልቅ ከእርሱ በፊት የነበረውን የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ መንፈስ ይመስላል። ሁለተኛው፣ ያደራጀና ያዘዘ ሰው ድርጊቱን በእጁ ከፈጸመው እኩል ዋና ወንጀለኛ መሆኑ ነው፤ ይህ ስብሰባ ተቀምጠው ወረቀት ለፈረሙ የደርግ አባላት ምን ማለት እንደሆነ ወደ ኋላ እናየዋለን። ሦስተኛው የርእሱ ውሕደት ነው። በስብዕና ላይ የሚፈጸም ወንጀል ስሙ ከርእሱ ላይ ተጽፎ፣ በአንቀጹ አካል ውስጥ ግን የራሱ ፍሬ ነገር ሳይሰጠው ቀርቷል፤ ማንኛውም ክስ «ቡድንን ለማጥፋት ማሰብ» በሚለው አንድ በር ብቻ እንዲገባ ተገድዷል። ተማሪዎቼ ይህን ሦስተኛውን ነጥብ ሁልጊዜ ይዘሉታል። ጉዳዩ ከጊዜ በኋላ የተወሳሰበው ግን ከዚህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ያ ሕግ ከዓለም አቀፍ ውሎች ጋር የነበረው ግንኙነት ሁሌም ውል ቀድሞ ሕግ የሚከተልበት አልነበረም። ኢትዮጵያ የ1949ኙን (እ.ኤ.አ) የጄኔቫ የጦርነት ስምምነቶች ያጸደቀችው እ.ኤ.አ በ1969 ሲሆን፣ በሰላማዊ ሰዎች፣ በቁስለኞችና በምርኮኞች ላይ የሚፈጸሙ የጦር ወንጀሎች ግን ከአንቀጽ 282 ጀምሮ ተደንግገው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።

ድርጊቱ

ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ያወረደው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ነው። ህዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ሌሊት ስድሳ የሚሆኑ የቀድሞው መንግሥት ሲቪልና ወታደራዊ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተገደሉ። ከእነርሱ አንዱ እስረኛ ሆነው ለመርማሪ ኮሚሽን ቃላቸውን ሲሰጡ የቆዩት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ውሉ ሲጸድቅ የውጭ ጉዳዩን የመሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው። መንግሥታቸው በኢጣሊያውያን ላይ ሊጠቀምበት ያልቻለው ሕግ፣ በእርሳቸው ገዳዮች ላይ ተጠቅሶ ክስ የሚመሠረተው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ይህን ስጽፍ ከአንድ ጊዜ በላይ ብዕሬን አስቀምጫለሁ።

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን እየወረወሩ በመስበር የኢሕአፓንና የሌሎች «ፀረ አብዮተኞችን» ደም እንደሚያፈስሱ በአደባባይ ዐወጁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዕድሜው የፈቀደለት የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃል፦ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ፣ የሌሊት አሰሳ፣ ጽሑፍ ተለጥፎበት ጠዋት መንገድ ላይ የሚገኝ ሬሳ፣ የጥይት ዋጋ የተጠየቀ ወላጅ፣ ማልቀስ የተከለከለ እናት። መጀመሪያ ኢሕአፓ፣ ቀጥሎም ከደርግ ጋር ሲሠራ የቆየው መኢሶን ራሱ የጥቃቱ ሰለባ ሆነ። ሟቾቹ የተመረጡት በቋንቋቸው ወይም በእምነታቸው አልነበረም፤ በአባልነታቸው፣ ወይም አባል ናቸው ተብለው በመጠርጠራቸው ነው።

ከክፍሌ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚኖሩ አንዲት እናት ታናሽ ወንድማቸውን ያጡት በ1970 ዓ.ም ነው። ስለ ክሱ ስጠይቃቸው፦ «ልጄ፣ ወረቀት በተነ ተብሎ ነው የወሰዱት። ዘሩንማ ማን ጠይቆት» አሉኝ። «እማማ፣ ፍርድ ቤቱ እኮ ዘር ማጥፋት ነው ብሏል» ብላቸው፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው «ዘር ማለት ለእናቴ እርሱ ነበር» ብለው ወደ ሌላ ወሬ አለፉ። የተማሪዬን ጥያቄና የእኚህን እናት መልስ አንድ ላይ ሳስብ፣ የውዝግቡ ግማሽ የተወለደው ከአማርኛው ስያሜ ነው እላለሁ። «ዘር ማጥፋት» የሚለው ሐረግ ሰሚውን ቀጥታ ወደ ብሔርና ወደ ጎሣ ይወስደዋል፤ «ፖለቲካዊ ቡድን» ከዚህ ስያሜ ሥር ሲገባ ለጆሮ ባዕድ ይሆናል። ለሕጉ ግን ባዕድ አልነበረም።

ክሱና መቃወሚያው

ደርግ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም ከወደቀ በኋላ የሽግግሩ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤትን አቋቋመ። ጽሕፈት ቤቱ ከተቋቋመ በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ ሰነድ ሲሰበስብ ቆይቶ፣ በእነ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ ጥቅምት 15 ቀን 1987 ዓ.ም በ73 ተከሳሾች ላይ ክስ መሠረተ፤ ችሎቱ ታኅሣሥ 4 ቀን ተከፈተ። ዋናው ክስ አንቀጽ 281ን የጠቀሰ ሲሆን፣ በአማራጭ ደግሞ በአንቀጽ 522 ከባድ የሰው ግድያ ቀርቧል። ይህ አማራጭ ክስ በራሱ የዐቃቤ ሕጉን ጥንቃቄ ይናገራል፤ የ«ፖለቲካዊ» ቃል ክርክር ቢያስረታው እንኳ ግድያው ያለ ቅጣት እንዳይቀር መጠበቂያ ነበር። እስከ 1989 ዓ.ም አጋማሽ ድረስ በመላ አገሪቱ በልዩ ዐቃቤ ሕጉ ክስ የተመሠረተባቸው ሰዎች ቁጥር 5,198 ደረሰ፤ ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተከሰሱት በሌሉበት ነው።

ማስረጃ በማቅረብ ረገድ ደርግ ራሱ የከሳሹ ትልቅ ረዳት ነበር ማለት ይቻላል። ሥርዐቱ ጽሕፈትና ማኅተም ይወድ ነበርና «አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድ» የሚሉ ትእዛዞች፣ የስም ዝርዝሮችና ቃለ ጉባኤዎች በየመዝገብ ቤቱ ተቀምጠው ተገኙ። በአንቀጽ 281 ያዘዘና ያደራጀ ሰው ዋና ወንጀለኛ በመሆኑ፣ ፊርማው ያለበት ሰው ገዳዩን በስም መፈለግ ሳያስፈልግ ሊከሰስ ቻለ። ከመቃብር የወጣው አጽም ሰው መሞቱንና አሟሟቱን ያስረዳል፤ የማጥፋት ሐሳቡን ያስረዳው ግን ወረቀቱ ነው። በኮተቤ የተቆፈረው መሬትና በመዝገብ ቤት የተገኘው ፋይል በአንድ ክስ የተገናኙት በዚህ መንገድ ነው።

የተከሳሾቹ ጠበቆች የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ሲያቀርቡ በርካታ ነጥቦችን አንሥተዋል፤ የአገር መሪ አይከሰስም ከሚለው ጀምሮ። ለዚህኛው መልሱ ቀላል ነበር፤ ውሉ በአንቀጽ 4 መሪም ሆነ ሹም ወይም ተራ ሰው እንደሚቀጣ በግልጽ ይናገራል። ከባዱ ክርክር አንቀጽ 281 ከውሉ ጋር ይጋጫል የሚለው ነበር። ኢትዮጵያ የፈረመችው ውል የፖለቲካ ቡድንን ሆን ብሎ አውጥቶታል፤ ስለዚህ የአገር ሕግ ይህን መልሶ ሊያስገባ አይችልም፣ ዓለም ዘር ማጥፋት ያላለውን እኛ ዘር ማጥፋት ልንል አንችልም የሚል ነው። ይህን ክርክር ማንኳሰስ አይገባም። ውል ሲጸድቅ በተጻፈው ልክ ነው፤ የወንጀል ሕግ ደግሞ በጠባቡ መተርጎም አለበት።

ፍርድ ቤቱ ግንቦት 15 ቀን 1987 ዓ.ም በሰጠው ብይን መቃወሚያውን አልተቀበለም። የብይኑ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ዓለም አቀፉ ስምምነት አገሮች ሊያወርዱት የማይችሉትን ዝቅተኛ ወለል ያስቀምጣል እንጂ ጣሪያ አያበጅም፤ አንድ አገር ከወለሉ ከፍ ብላ ለዜጎቿ የበለጠ ጥበቃ ብትሰጥ ግዴታዋን አልጣሰችም። ጠባብ መተርጎም የሚለውም መርህ ቢሆን የሚሠራው በተከሳሾቹ ላይ በተጠቀሰው ሕግ ላይ ነው፤ ያ ሕግ ደግሞ የአገር ሕጉ ሲሆን፣ «ፖለቲካዊ» የሚለውን ቃል በግልጽ ጽፎ ሰዎቹ ሥልጣን ከመያዛቸው ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት በሥራ ላይ ውሏል። ማንም በኋላ በወጣ ሕግ አልተከሰሰም። በእኔ እምነት የብይኑ እውነተኛ ጥንካሬ በዚህ በሁለተኛው ነጥብ ላይ ነው፤ የወለልና የጣሪያው ክርክር ሊያከራክር ይችላል፣ ቀኑ ግን አያከራክርም።

ፍርዱና የአንዱ ዳኛ ልዩነት

ክርክሩ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። በዚህ መካከል ከተከሳሾቹ የሞቱ አሉ፣ ምስክሮች አርጅተዋል፣ ፍርድ ቤቱም በአዲሱ የፌዴራል አወቃቀር ስሙ ተለውጧል። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት፣ ከሌሎቹም አብዛኞቹን በዘር ማጥፋት ጥፋተኞች ናቸው አለ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አልነበረም። ከዳኞቹ አንዱ በልዩነት እንዳስቀመጡት፣ የፖለቲካ ቡድንን የሚመለከተው የአንቀጹ ክፍል በኋላ በወጡ የደርግ አዋጆች ተሽሯል፤ ስለዚህ ተከሳሾቹ ሊጠየቁ የሚገባው በዘር ማጥፋት ሳይሆን በከባድ የሰው ግድያና በመሰል ወንጀሎች ነው።

ይህን የልዩነት ሐሳብ በክፍል ውስጥ ሳነብ ተማሪዎቼ ይቆጣሉ፤ ገዳዩ በራሱ አዋጅ ራሱን ነጻ ሊያወጣ ነው ወይ ይላሉ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ሐሳቡ ማንንም በነጻ አያሰናብትም፣ የክሱን ስም ነው የሚለውጠው። ከዚያም በላይ አንድ ደካማ ቦታ ያሳያል። ከውሉ በላይ የሆነው ጥበቃ የሚቆመው በአገር ሕግ ብቻ ነውና፣ የአገር ሕግ ደግሞ በአገር ሕግ ሊሻር ይችላል። በውሉ ውስጥ ያሉትን አራቱን ቡድኖች በተመለከተ ደርግ አዋጅ ቢያወጣ የኢትዮጵያን ዓለም አቀፍ ግዴታ ይጥሳል፤ አምስተኛውን በተመለከተ ግን ከውጭ የሚይዘው ገመድ አልነበረም። የብዙኃኑ አቋም አንቀጹ ሳይሻር ጸንቶ ቆይቷል የሚል ሆኖ ጉዳዩ በዚያ ተቋጨ።

ቅጣቱ ጥር 3 ቀን 1999 ዓ.ም ዕድሜ ልክ እስራት ሆኖ ተወሰነ፤ ልዩ ዐቃቤ ሕጉ ይግባኝ ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም ለመንግሥቱና ለሌሎች 18 ሰዎች ወደ ሞት ከፍ አደረገው። መንግሥቱ ከግንቦት 1983 ዓ.ም ጀምሮ በዚምባብዌ ናቸው፤ ተላልፈውም አልተሰጡም። በ2003 ዓ.ም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በ23 የደርግ ባለሥልጣናት ላይ የተላለፈውን የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ፤ መስከረም 2004 ዓ.ም ከእነዚህ 16ቱ በአመክሮ ተፈቱ። እዚህ ላይ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 28 ማንበብ ይገባል። ድንጋጌው በስብዕና ላይ ለሚፈጸሙ ወንጀሎች ይርጋ፣ ምሕረትና ይቅርታ ይከለክላል፤ ለሞት ፍርደኞች ግን ርእሰ ብሔሩ ቅጣቱን ወደ ዕድሜ ልክ ሊያሻሽል እንደሚችል ይፈቅዳል። ስለዚህ የተኬደበት መንገድ በቃሉ ሲታይ ሕጋዊ ነው። ይቅርታ በተከለከለበት ቦታ ማሻሻያና አመክሮ ተደማምረው የይቅርታን ያህል ውጤት ማምጣታቸው ግን ለሕግ አውጪው ጥያቄ ሆኖ ሊቀመጥ ይገባዋል።

ሁለቱ ፍርደኞች ብርሃኑ ባይህና አዲስ ተድላ ከ1983 ዓ.ም ጀምሮ በአዲስ አበባ የኢጣሊያ ኤምባሲ ተጠግተው ኖሩ። ኢጣሊያ የሞት ቅጣት አለበት ብላ ሳታስረክባቸው ቆይታ፣ ፍርድ ቤት በአመክሮ የፈቀደላቸው በ2013 ዓ.ም ነው። ኢትዮጵያ ግራዚያኒን ከኢጣሊያ ጠይቃ መከልከሏን ያስታወሰ አንባቢ የታሪክን ጨዋታ ሳይታዘብ አያልፍም።

ስፋቱ ያስከፈለው ዋጋ

ሰፊው አንቀጽ ክሱን አስችሏል። ነገር ግን ከአገር ሲወጣ አብሮ አልተጓዘም። ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም የሄግ ከተማ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድስ ይኖር የነበረ አንድ የቀድሞ የደርግ ባለሥልጣንን በ1970 ዓ.ም በጎጃም በተፈጸመ እስራት፣ ድብደባና ግድያ ዕድሜ ልክ ፈረደበት። ሰውየው ኢትዮጵያ ውስጥ በሌለበት የተፈረደበት በዘር ማጥፋት ነበር፤ ሄግ ላይ ግን የተቀጣው በጦር ወንጀል ነው። በዚያ አገር ሕግ ዘር ማጥፋት የውሉን አራት ቡድኖች ብቻ ስለሚያቅፍ፣ ዐቃቤ ሕጉ በኢትዮጵያ ውስጥ በዚያ ዘመን የእርስ በርስ ጦርነት እንደነበረ አስረድቶ ግድያዎቹን ከጦርነቱ ጋር ማያያዝ ነበረበት። ያው ሟች፣ ያው ገዳይ፣ ያው ሌሊት ሆኖ ሳለ፣ ድንበር ሲሻገር የወንጀሉ ስም ተለወጠ።

ለዚህ ዓይነቱ ድርጊት ዓለም አቀፉ ሕግ የሚሰጠው ተገቢ ስም በስብዕና ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው፤ በሰላማዊ ሕዝብ ላይ በስፋት ወይም በተቀናጀ ሁኔታ የሚፈጸም ጥቃት መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ቡድንን የማጥፋት ልዩ ሐሳብ ማስረዳት አይጠይቅም። አንቀጽ 281 ይህን ስም በርእሱ ይዞ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ የወንጀል ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ በአንቀጽ 269 ጥበቃውን ወደ ብሔር፣ ብሔረሰብና ቀለም አስፍቶ «ፖለቲካዊ» የሚለውንም ጠብቆ ሲያበቃ፣ በስብዕና ላይ የሚፈጸም ወንጀልን ግን ከርእሱም አስወጣው። ውጤቱ እንግዳ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ይርጋ አያግደውም ያለውን ወንጀል፣ የወንጀል ሕጉ ራሱን ችሎ አይደነግገውም። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት አባል አይደለችምና ከዚያ በኩል የሚመጣ ትርጉምም የላትም። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ችሎት እንዲቋቋሙ ሲያስብ፣ በቅድሚያ የሚገጥመው ክፍተት ይህ ነው።

ባለፈው የትምህርት ዘመን መጨረሻ ለተማሪዎቼ የሰጠኋቸው ሥራ ይህንኑ አንቀጽ ማርቀቅ ነበር። አብዛኞቹ የሮም ስምምነትን አንቀጽ 7 ወደ አማርኛ ገልብጠው አመጡ፤ ቅጣት የጻፉት ከግማሽ በታች ናቸው፤ የሩዋንዳን ነገር በዚያው ሳምንት ያስተማርኳቸው ቢሆንም እንኳ። አንዷ ብቻ ከቅጣቱ በተጨማሪ «በአማርኛ ምን ተብሎ ይጠራ» የሚል አንድ ገጽ ጽፋ ነበር። «በሰው ዘር ላይ» ቢባል ዳግመኛ ከብሔር ጋር ይደባለቃል፣ የሕገ መንግሥቱ «በስብዕና ላይ» ይሻላል፣ ነገር ግን «ስብዕና»ን የመንደር ሰው ጠባይ ብሎ ነው የሚረዳው ብላ ሦስት አማራጭ አስቀምጣለች። ያ መጀመሪያ የጠየቀኝ ተማሪ ደግሞ የራሱን ረቂቅ ሲያስረክብ፣ ይህ አንቀጽ ቢወጣ የኮተቤዎቹን ይመለከታል ወይ አለኝ። አይመለከትም አልኩት፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ሄዶ አይሠራም። ለእነርሱ ያለው ያ የ1949ኙ አንቀጽ ነው።